በለብ ያለ ውሃ የተሞላው ጨቅላ

የጤና ሙያን በማስመሰል የማስተማር ዘዴ ከጎንደር እስከ ደረስጌ

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ፣ በቧሂት ተራራ ትከሻ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ ወደ መካነ ብርሃንና ወደ ደረስጌ ይወርዳል። የታሪክ አንባቢ ደረስጌን የሚያውቃት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ባሠሯት የማርያም ቤተ ክርስቲያንና በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ቦታ በመሆኗ ነው። በጤና ሙያ ለተሰማሩ ሰዎች ግን ይኸው መንገድ የሪፈር መንገድ ነው፤ ምጥ የጸናባት ወይም ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያለ እናት ወደ ሆስፒታል የምትላከው ይህንኑ ብርድና ጉም የማይለየውን ዳገት ተሻግራ በመሆኑ፣ አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት በጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከመንገዱም ሆነ ከሆስፒታሉ የበለጠ ሕይወትን የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያንን ሥራ የምትሠራው ተረኛ አዋላጅ ነርስ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ናት፤ ከተመረቀች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ ሥራውን የተማረው የት ነው? በማን አካል ላይ? በክፍል ውስጥ በስላይድ ያየችውን፣ በተግባር ልምምድ ጊዜ ከጓደኞቿ ትከሻ በላይ አንገቷን አስግጋ የተመለከተችውን ነገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብቻዋን እንድታደርገው ስትጠየቅ እጇ ይታዘዛታል ወይ? የሕክምና ትምህርት ሊቃውንት ሲሙሌሽን የሚሉት፣ በአማርኛ እውነተኛውን ሁኔታ አስመስሎ በመፍጠር መለማመድ ልንለው የምንችለው የማስተማሪያ ዘዴ የተነሣው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

አሻንጉሊቷ እንዴት ትተነፍሳለች

በአገራችን የጤና ኮሌጆች ስኪል ላብ በሚባሉት የክህሎት መለማመጃ ክፍሎች ውስጥ በብዛት የምትታየው መሣሪያ ኒዮናታሊ የተባለችው የጨቅላ አምሳያ ናት። ባዶዋን ስትሆን ጠፍጣፋ የላስቲክ ከረጢት ትመስላለች፤ ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ሲሞላባት ግን የአራስ ልጅ ክብደትና ሙቀት ትይዛለች፤ አንገቷም እንደ አራስ ልጅ ይልመዘመዛል፤ የያዛት ሰው እጁን ከማጅራቷ በታች ካላስገባ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ይወድቃል። ከአካሏ በቀጭን ቱቦ የተያያዙ ትንንሽ የጎማ እንክብሎች በአሠልጣኙ እጅ ውስጥ ይያዛሉ፤ አንደኛውን ሲጨምቀው የእትብቷ ትርታ ይመታል፤ ሌላኛውን ሲጨምቀው ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል ወይም የልቅሶ ድምፅ ታሰማለች። አሠልጣኙ እንክብሎቹን ሳይነካ ዝም ካለ ሕፃኗ አትተነፍስም፤ ሰልጣኟም ይህን ማወቅ ያለባት ከአሠልጣኙ ፊት ሳይሆን ከጨቅላዋ ደረት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ በሙያው ወርቃማዋ ደቂቃ ይባላል። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ባሉት 60 ሰከንዶች ውስጥ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ጀርባውን እያሹ ማነቃቃት፣ አስፈላጊ ከሆነም አፍና አፍንጫውን መጥረግ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነፈሰ ደግሞ አምቡ ባግ በሚባለው በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት ማስተንፈስ መጀመር ያስፈልጋል። መሣሪያዋ የማትዋሸው በዚህ ጊዜ ነው፤ የከረጢቱ ማስክ ፊቷ ላይ በትክክል ካልገጠመ፣ ወይም አንገቷ ከሚገባው በላይ ከተቀለበሰ፣ ሰልጣኟ ከረጢቱን ምንም ያህል ብትጨምቀው ደረቷ አይነሣም። አየሩ በጉንጯ በኩል ሲያመልጥ የሚሰማው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ማንኛውም መምህር በቃል ከሚሰጠው እርማት ይልቅ የሚያስተምር ነው።

> አሠልጣኙ እንክብሎቹን ሳይነካ ዝም ካለ ሕፃኗ አትተነፍስም።

የዚህች ጨቅላ እናት ደግሞ ማማናታሊ ትባላለች። አሠልጣኟ በሆዷ ላይ በማሰሪያ የምትታጠቃት የማሕፀን አምሳያ ስትሆን፣ ከውስጧ ጨቅላዋን የምትገፋው የአሠልጣኟ እጅ ነው፤ የእንግዴ ልጁም እንዲሁ። በጎኗ የተሰወረ ከረጢት ውስጥ ቀይ ፈሳሽ ስላለ አሠልጣኟ መቆጣጠሪያውን ስትከፍተው ደም ይፈሳል፤ ማሕፀኑም እንደ አሠልጣኟ ፈቃድ ይጠነክራል ወይም ይላላል። ወንበር ላይ ተንጋላ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች የምታቃስተው አሠልጣኝ እውነተኛ ሰው በመሆኗ፣ ሰልጣኟ እጇን ብቻ ሳይሆን አንደበቷንም ታሠለጥናለች፤ «አይዞሽ እናት፣ አሁን አትግፊ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» ማለት፣ ማሕፀን የሚያጠነክረውን ኦክሲቶሲን ከመውጋቷ በፊት ሌላ ሕፃን በማሕፀን ውስጥ አለመቅረቱን በእጇ ማረጋገጥ፣ ደሙ ሲበዛ ማሕፀኑን እያሸች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እርዳታ መጥራት የአንድ ልምምድ ክፍሎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው፤ ብቻዋን መሥራት የለመደች ሴት ሰው መጥራት ሽንፈት ይመስላታል ይላሉ አሠልጣኞች።

ከጨርቅ የተሰፋ ማሕፀን

ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ የዘመኑ ቴክኖሎጂ የፈጠረው አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን አንጄሊክ ዱ ኩድሬ የተባለች ፈረንሳዊት አዋላጅ ማሽን ብላ የጠራችውን፣ ከጨርቅ፣ ከቆዳና ከሙሌት የተሰፋ የሴት ዳሌና ማሕፀን አዘጋጅታ፣ እ.ኤ.አ. በ1759 ከንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፈቃድ ተሰጥቷት ከአንዱ የገጠር አውራጃ ወደ ሌላው ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል እየተዘዋወረች የመንደር አዋላጆችን አስተምራለች። ከተማሪዎቿ አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ስለነበሩ መጽሐፍ ሳይሆን እጃቸው የገባበት ጨርቅ ነበር አስተማሪያቸው። ከእነዚያ አምሳያዎች አንዱ እስከ ዛሬ በሩዋን ከተማ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። የገጠር መንገድ፣ ሩቅ ሐኪም፣ በመንደር የምትታመን አዋላጅ፤ የዱ ኩድሬ ፈረንሳይ ለጃናሞራ አንባቢ ከዛሬዋ ፓሪስ ይልቅ ሳትቀርበው አትቀርም።

ከ200 ዓመታት በኋላ ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት ሠሪ ኦስመንድ ሌርዳል ከሐኪሞች ጋር ተባብሮ ለትንፋሽ ማዳን ልምምድ የምትሆነውን አን የተባለች አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 ሠራ፤ በዚያው አሥርተ ዓመት ማብቂያ ላይም በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ልቡ የሚመታና የዓይኑ ብሌን የሚሰፋ አምሳያ በአሜሪካ ታየ። ውሃ የሚሞላባት ርካሿ ጨቅላ የዚያው የሌርዳል ኩባንያ ልጅ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠናን ሲያስጀምር በዓለም ተሠራጨች፤ የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ በዚህ ሥልጠና ላይ ተመሥርቶ በሦስት አገሮች በተጀመረ ዓለም አቀፍ ጥረት ውስጥም ኢትዮጵያ ከሕንድና ከናይጄሪያ ጋር ተካትታለች።

የአቪዬሽን ሙያ ይህን መንገድ ቀድሞ ስለሄደበት በጤናው መስክ የሚነሡ ክርክሮች ሁሉ በዚያ ተፈትተዋል ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች ሞተር በአየር ላይ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ የሚማሩት መንገደኛ አሳፍረው ሳይሆን በአዲስ አበባ በሚገኘው ሲሙሌተር ውስጥ ሲሆን፣ ይህም ለአንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ሳይሆን በየጊዜው የሚደገም ግዴታ ነው። ለመንገደኛ የታሰበው ጥንቃቄ ለወላድ የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

የብዙ ዓይን ሸክም

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥረ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት፣ በደንቢያ ሜዳ ላይ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ቆላ ድባ በመሳሰሉ ጤና ጣቢያዎች ያሰማራቸው ነበር፤ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ የሚማሩበት ይህ ልማድ እስከ ዛሬ የጎንደር መለያ ሆኖ ቀጥሏል። ተማሪን ወደ እውነተኛው ቦታ መውሰድ የተሻለው ትምህርት መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ያ አሠራር የተነደፈው ለጥቂት ተማሪዎች ነው።

ከዚያ ወዲህ ደባርቅን ጨምሮ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተው የጤና ተማሪ ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲያድግ የወላዶች አልጋ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ውጤቱ በማዋለጃ ክፍሎች በግልጽ የሚታይ ነው፤ አንዲት ወላድ በምጥ ላይ ሳለች የአዋላጅ፣ የነርስ፣ የጤና መኮንንና የሕክምና ተማሪዎች በየተራ ይመረምሯታል፤ ማን እንደሆኑ የሚነግራት ላይኖር ይችላል። ወሊድን ከብዙ ዓይን መሰወር ነውርን የመጠበቅ ያህል በሚታይበት አካባቢ ይህ ከባድ ነገር ነው። በገጠር ያሉ እናቶች በጤና ተቋም ለመውለድ ለምን እንደሚያመነቱ ሲጠየቁ የመንገዱን ርቀት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ያነሣሉ፤ አንዳንዶቹ በቤታቸው በልምድ አዋላጅ እጅ ቢወልዱ ቢያንስ የሚያያቸውን ሰው እንደሚያውቁት ይናገራሉ።

ስለዚህ የአምሳያ ልምምድ ጥቅም የተማሪውን እጅ ከማፍታታት ያለፈ ነው። የመጀመሪያው አሥር ጊዜ የማሕፀን ምርመራ፣ የመጀመሪያው ያልተቃና መርፌ፣ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ በላስቲክ ላይ ቢያልፍ፣ እናቲቱ ዘንድ የሚደርሰው የተገራ እጅ ይሆናል። ይህ ጸሐፊ ከሚያምንባቸው የሲሙሌሽን ምክንያቶች ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው፤ ድሃ ሴት የማንም የመማሪያ ሰሌዳ እንድትሆን የተፈረደባት አይደለችም።

> የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ በላስቲክ ላይ ቢያልፍ፣ እናቲቱ ዘንድ የሚደርሰው የተገራ እጅ ይሆናል።

መነጽሩና ስልኩ

ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወይም ምናባዊ እውነታ የሚባለው የዚህ ዘዴ አዲሱ ቅርንጫፍ ነው። ተማሪው ዓይኑን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር መሰል መሣሪያ ሲያጠልቅ ራሱን በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያገኘዋል፤ ጭንቅላቱን ሲያዞር ክፍሉ ይዞራል፤ በእጁ የያዘው መቆጣጠሪያ በምስሉ ውስጥ እጅ ሆኖ መሣሪያ ያነሣል፤ የተሳሳተ ውሳኔ ሲወስን የታካሚው ሁኔታ እያሽቆለቆለ ይሄዳል። በምሥራቅ አፍሪካ በኬንያ፣ በምዕራብም በናይጄሪያ የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የማዳን ሥልጠና በዚህ ዓይነት መንገድና በስልክ ጨዋታ መልክ ተሞክሯል።

ዘዴው የሚበረታበትና የሚደክምበት ቦታ የተለያየ ነው። በውሳኔ ቅደም ተከተል ላይ፣ ማለትም መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን፣ ማን ይጠራ፣ መቼ ሪፈር ይጻፍ በሚለው ላይ መነጽሩ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ተማሪው መምህር ሳይጠብቅ ደጋግሞ ሊሠራበትም ይችላል። የማስኩን መግጠም፣ የማሕፀኑን መላላትና መጠንከር፣ የእንግዴ ልጁን ገመድ ሲስቡ የሚሰማውን ተቃውሞ ግን መነጽር አያስተምርም፤ ያ የጣት ዕውቀት ነው።

በአገራችን በጥብቅ ጥናት የተፈተነው ግን ከመነጽሩ ይልቅ ስልኩ ነው። የዴንማርክ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ያዘጋጀው፣ የወሊድ ድንገተኛ ችግሮችን በተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ በምዕራብ ወለጋ ጤና ተቋማት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ መተግበሪያው የተሰጣቸው ባለሙያዎች ዕውቀትና ጨቅላን የማስተንፈስ ክህሎት በግልጽ መሻሻሉ ታይቷል፤ በሕፃናት ሞት ላይ የታየው ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም። የዚህ መተግበሪያ ትልቁ ብልሃት አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ኔትዎርክ ለሳምንታት ሲጠፋ ለኖረ የሰሜን ጎንደር ባለሙያ የዚህን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም።

የሃይዶም ትምህርት

ስለ መሣሪያ ሲወራ በአብዛኛው የሚዘለለውና ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር የተገኘው ሃይዶም በተባለ የታንዛንያ ገጠር ሆስፒታል ነው። በታንዛንያ ስምንት ሆስፒታሎች የወርቃማዋ ደቂቃ ሥልጠና ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱ በተዘገበበት በዚያው በ2013 (እ.ኤ.አ.)፣ በሃይዶም የተደረገ ሌላ ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ባለሙያዎቹ የአንድ ቀን ሥልጠና ወስደው ከወራት በኋላ በአሻንጉሊቷ ላይ ሲፈተኑ ጎብዘው ተገኙ፤ በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ግን በእውነተኛው ሕፃን ላይ የሚያደርጉት አልተለወጠም ነበር። ፈተናውን ያለፈው እጅ ሌሊት ላይ የሚሠራው እጅ ሊሆን አልቻለም።

መፍትሔው አዲስ መሣሪያ መግዛት አልነበረም። አሻንጉሊቷ ከሥልጠና አዳራሹ ወጥታ በማዋለጃ ክፍሉ አጠገብ ተቀመጠች፤ ባለሙያዎቹ በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ፣ ተረኛ ሆነው በመጡበት ሰዓት እንዲለማመዱባት ተደረገ። ከዚህ በኋላ ሥራው ተለወጠ፤ ሞቱም ቀነሰ። በአነስተኛ መጠን፣ ቶሎ ቶሎ የሚባለው የሥልጠና መርሕ ከዚህ ዓይነት ልምድ የጠነከረ ሲሆን፣ ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጣው የአምስት ቀን የሆቴል ሥልጠና ጋር ሲነጻጸር ርካሽ መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል።

በአገራችን ግን የብዙ ስኪል ላቦች ችግር ከዚህ ተቃራኒ በሆነው ልማድ ላይ ያርፋል። አሠልጣኞች በግልጽ እንደሚያማርሩት፣ አምሳያዎቹ በንብረት መዝገብ ላይ በአንድ ሰው ስም የተፈረመባቸው ስለሆኑ፣ ቢበላሹ ከደመወዝ እንዳይቆረጥበት የሚሰጋው ንብረት ተረካቢ ቁም ሣጥኑን ይቆልፈዋል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ሲወጣ ልምምዱም ፈቃድ ይወጣል። ተመራቂ ተማሪዎች ደግሞ አሻንጉሊቷን የሚያዩዋት በተግባር ፈተና ሰሞን ብቻ መሆኑን ይናገራሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሠራ የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ የጭንቅላትን ዕውቀት እንጂ እጅን አይፈትሽም፤ ያልተፈተነ ነገር ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ለመቅረት ቅርብ ነው።

ቁም ሣጥኑ ቢከፈትም እንኳ ልምምዱን ትምህርት የሚያደርገው ከተጠናቀቀ በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። ዲብሪፊንግ ይሉታል። ሰልጣኟ ያደረገችውን ራሷ ትናገራለች፤ ጓደኞቿ ያዩትን ይጨምራሉ፤ አሠልጣኟ ለምን እንዲያ እንደወሰነች ትጠይቃታለች። ይህ ለጎንደር ምድር እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የቆጠረውን ቅኔ በማኅሌት ከማሰማቱ በፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ቤቱን ያፈርስበታል፤ ያቃናለታል። በዚያ ጉባኤ መሳሳት የሚያሳፍር ቢሆንም የሚያስወጣ አይደለም። የጤና ተማሪ ስህተቱን እንዲደብቅ የሚያደርገው የቁጣ መምህርነት ከዚህ የቆየ ልማድ ብዙ ሊማር ይችላል።

ሰሜንን የሚመስል ልምምድ

ሴናሪዮ የሚባለው የልምምዱ የታሪክ ጽሑፍ ነው፤ ታካሚዋ ማን ናት፣ ምን ገጠማት፣ ምን መሣሪያ አለ፣ ማን በአጠገቧ ይገኛል የሚለውን ይወስናል። ከውጭ የሚመጡት ሴናሪዮዎች ግን በአንድ ጥሪ ማደንዘዣ ሐኪም የሚደርስበትን፣ ደም ከባንክ የሚመጣበትን ሆስፒታል ያስባሉ። የምናባዊው መነጽር ታካሚም በአብዛኛው የምታቃስተው በእንግሊዝኛ ነው።

የደጋው ነዋሪ አካልም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ የነዋሪዎቹ ደም የሚሸከመው የኦክስጅን መጠንና ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር እንደሚቀራረብ፣ በዚህም ከአንዲስና ከቲቤት ደገኞች እንደሚለዩ አሳይቷል። ስለ ደጋ በሌላ አህጉር የተጻፈ ቁጥር ሳይመረመር ወደ ጃናሞራ ሴናሪዮ ሊገባ እንደማይገባው ይህ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው።

ለአካባቢው የሚሆን ሴናሪዮ መነሻ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሚያካሂደው የጤና ክትትል፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ቤት እየሄዱ ልደትንና ሞትን ይመዘግባሉ፤ ሞት ሲኖርም ቤተሰቡን ጠይቀው ምክንያቱን ለማወቅ የሚያስችል የቃል ምርመራ ያደርጋሉ። በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ያሉት ታሪኮች፣ ማንነትን በማይገልጥ መንገድ ተዘጋጅተው፣ ለሰሜን ጎንደር ተማሪዎች ልምምድ ቢሆኑ ከየትኛውም ግዢ የላቀ ዋጋ ይኖራቸዋል።

እንዲህ ያለው ሴናሪዮ ምን እንደሚመስል ከባለሙያዎች ንግግር መገመት ይቻላል። ጊዜው ክረምት፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነው፤ ወላዷ ከእናቶች ማቆያ ቤት ሳትሆን ከሩቅ ጎጥ በቃሬዛ መጥታለች፤ የተሸከሟት ወንዶች በር ላይ ቆመው ተራ በተራ ይጠይቃሉ፤ መብራት የለም፤ ስልክ በጥርሷ የነከሰች ረዳት ናት የምታበራው። ሕፃኑ ወጥቷል፤ አያለቅስም፤ በዚያው ቅጽበት አሠልጣኟ የደሙን መቆጣጠሪያ ትከፍታለች። ሁለት ነፍስ፣ ሁለት ባለሙያ፣ አንድ አምቡ ባግ። ማን የቱን ይይዛል? በር ላይ ላሉት አባት ምን ይባላል? አምቡላንስ አሁን ይጠራ ወይስ ደሙ ከቆመ በኋላ? አማት ወደ ውስጥ ልግባ ስትል ማን በትሕትና ይመልሳታል? እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ መሣሪያ ከውጭ ሊገዛ አይችልም፤ እዚያ የሠራ ሰው ነው የሚጽፈው።

መሣሪያው ራሱ ለዚህ መንገድ የሚከብድ አይደለም። የጨቅላዋ ውሃ ከፈሰሰ በኋላ አካሏ ተጣጥፎ ከአምቡ ባጉ ጋር በአንድ የትከሻ ቦርሳ ይገባል፤ የአሠልጣኟ ማሕፀንም እንዲሁ፤ ቧሂትን በመኪናም በበቅሎም መሻገር ይችላሉ። ደረስጌ ሲደርሱ የሚያስፈልጋቸው ለብ ያለ ውሃ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ለነፍሰ ጡሮች የማቆያ ቤት ገንፎ በሚገነፋበት ምድጃ ላይ ይሞቃል።